ከደሴቱ ያራቅኋት ጀልባ

ጡረታ የወጣሁት ባለፈው ዓመት ነው። የመሥሪያ ቤታችን ጡረተኞች ለሚያሳትሙት መጽሔት የሥራ ዘመን ትዝታዬን እንድጽፍ ሲጠይቁኝ የአንድ ሳምንት ሥራ መስሎኝ ነበር። አሁን አምስተኛውን ወር ይዣለሁ። በቀን ግማሽ ገጽ እጽፋለሁ፤ በማግስቱ አንብቤ አብዛኛውን እሰርዘዋለሁ። የምጽፈው ደብረ ታቦር፣ ከባለቤቴ ጋር በኖርንባት ቤት፣ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጬ ነው። ከጉና የሚወርደው ብርድ ጣቴን ስለሚያደነዝዘው ቶሎ ቶሎ አርፋለሁ። ብርዱ ግን ሰበብ ነው።

ባለቤቴ አየልኝ ከሞተ ዓመት አልፎታል። በሙት ዓመቱ ዕለት ድሮ አብሮን የሠራ አንድ ሰው፣ ክፋት ሳያስብ፣ አጠገቡ ለተቀመጡት ሲያወራ ሰማሁት። «አየልኝ ጣናን እንደ ጓሮው የሚያውቅ ነጂ ነበር። ያች መምህርት በእሱ ጥፋት ባትሞት ኖሮ ማን ይደርስበት ነበር?» አለ። እኔ የጠላ ጆግ ይዤ ከኋላው ቆሜ ነበር። ብርጭቆውን ሞላሁለትና ወደሚቀጥለው ሰው አለፍኩ።

ጥፋቱ የአየልኝ አልነበረም። የእኔ ነበር። እስከዚያ ቀን ይህን ከሁለታችን በቀር ያወቀ አልነበረም፤ እሱ ከሞተ በኋላ እኔ ብቻ ቀርቼ ነበር። እኔም ሳልጽፈው ብሞት አየልኝ በሰው ዘንድ የሰው ነፍስ ያጠፋ ነጂ እንደሆነ ይቀራል። የምጽፈው ለዚህ ነው። ነገሩ እንዲገባችሁ ግን ሥራችን ምን ይመስል እንደነበር ማስቀደም አለብኝ።

የተወለድኩት ከጉና ሥር፣ ገብስና ድንች ከሚበቅልበት አገር ነው። ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ደብረ ታቦር በታይፒስትነት ስቀጠር ከወንዝ የሰፋ ውሃ አይቼ አላውቅም። መሥሪያ ቤታችን ለዕረፍት የሚመጡ ሰዎችን በጣና ላይ ማዞር ሲጀምር ወደ ደራ፣ ከሐሙሲት ወደ ሐይቁ ወረድ ብሎ ወዳለው ዳርቻ አዛወሩኝ። ጉዞው የሦስት ቀን ነበር። እንግዶቹ ቀን ቀን ከደሴት ደሴት እየተዘዋወሩ ገዳማቱን ይሳለማሉ፣ ሲመሽ በዳርቻው በተተከለ ድንኳን ያርፋሉ። ከውጭ አገርም፣ ከአዲስ አበባም፣ ከጎንደርም ይመጣሉ። የእኔ ሥራ መንገደኛ መመዝገብና ምሳ ማዘጋጀት ነበር። በኋላ ሥራዬ ሲለወጥም ደመወዜ የታይፒስት እንደሆነ ቀረ፤ እንዲስተካከል የጻፍኳቸው ማመልከቻዎች እስከ ጡረታዬ ድረስ «በመታየት ላይ» ነበሩ።

የመጀመሪያው አለቃችን ውሃ የሚፈራ ሰው ነበር። ስለ ጀልባ ረጃጅም ደብዳቤ ይጽፋል፤ ጀልባ ላይ ግን ወጥቶ አያውቅም። ጉዳይ ሲኖረው ከዳር ቆሞ በእጁ ይጠራናል። ሁለተኛው ዋና የሚችል፣ ወረቀት የሚጠላ ሰው ነበር። ሁለቱም ቢሆኑ የሚቸግር ነገር ሲመጣ «አየልኝን ጠይቁት» ይሉ ነበር።

አየልኝ የትልቋ ጀልባ ነጂ ነው። ተወልዶ ያደገው እዚያው ሐይቁ ዳር ነው። ሽማግሌ ሲልክ አባቴ «ውሃ ላይ የሚውል ሰው ምን ቤት አለው?» ብለው ነበር። ቢሆንም ዳሩኝ።

ከምንሄድባቸው ደሴቶች አንዱ ላይ ሴት የማትገባበት ገዳም አለ። ወንዶቹ እንግዶች ጫማቸውን ጀልባዋ ላይ አውልቀው ከአየልኝ ጋር ይወርዳሉ፤ ሁለት ሦስት ሰዓት ይቆያሉ። ሴቶቹ ፀሐይ እየመታቸው፣ የናፍጣ ሽታ እያሸተቱ ይጠብቃሉ። አንድ ቀን አንዲት ደንዳና የጎንደር ነጋዴ አየልኝ እስኪመለስ ጠበቀችና፣

«ስማኝማ፣ የጀልባው ጌታ» አለችው። «እኔ ከጎንደር ድረስ የመጣሁት የባሌን ጫማ ለመጠበቅ ነው?»

ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ። አየልኝ ግን ነገሩን በልቡ ያዘው። በማግስቱ ወደ እኔ መጣ።

«ውቤ፣ ከኋላ የምንጎትታትን ትንሿን ጀልባ መንዳት ላስተምርሽ ነው። ወንዶቹ ገዳም ሲወጡ አንቺ ሴቶቹን ይዘሽ ጥልቁ ላይ ዓሣ ታጠምጃለሽ።»

«እኔ? ዓሣ በሳህን እንጂ በውሃ መች አውቀዋለሁ?»

«እሱም አንቺን አያውቅሽም። እኩል ናችሁ።»

እንዲህ ተጀመረ። ጥቂት ቆይቶ ወንዶቹ ገዳሙን በሩጫ ተሳልመው እየተመለሱ «ለእኛም መንጠቆ» ማለት ጀመሩ። መሥሪያ ቤቱ በማስታወቂያው ላይ «የጥልቅ ውሃ ዓሣ ማጥመድ ሽርሽር» ብሎ አወጣው። ለሐሳቡ የምስጋና ደብዳቤ የተጻፈው ውሃ ለሚፈራው አለቃችን ነው። አየልኝ ደብዳቤው ሲነበብ ከልቡ አጨበጨበ።

አየልኝ ሲያስተምር ብዙ አያወራም። መጀመሪያ ያስተማረኝ ክር መዳበስ ነው። ከጉዞ በተመለስን ቁጥር የናይለኑን ክር በሁለት ዛፎች መካከል ይወጥርና ዐይኑን ጨፍኖ ከጫፍ እስከ ጫፍ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል ያሳልፈዋል። ትንሽ የሻከረ ነገር ካገኘ እዚያው ይቆርጠዋል፤ አዲስ ክር ቢሆንም አይሳሳም። «ትልቁ ዓሣ በመጣ ቀን የሚበጠሰው እዚህ ጋ ነው» ይለኛል። እኔ ዐይኔን ገልጬ ስዳብስ «ጨፍኚ፤ ዐይን ይዋሻል» ይለኝ ነበር።

ጥልቀቱን የምንለካው በየክንዱ ቋጠሮ ባለው ገመድ ጫፍ ላይ ድንጋይ አስረን ነው። ወንዞቹ በክረምት ደለል ይዘው ስለሚገቡ ያምና ጥልቅ ውሃ ዘንድሮ ላይኖር ይችላል፤ ስለዚህ መስከረም በመጣ ቁጥር ሐይቁን እንደ አዲስ እንለካ ነበር። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ዳሩን፣ ታንኳ የሚሠሩበት ደንገል ሥር ያለውን ውሃ ይወዳል። አምባዛ ጭቃውን። እኛ የምንፈልገው ቢልጫን ነበር፤ እሱ ከጥልቁ አይወጣም። ትንንሽ ዓሣ ቆራርጠን መንጠቆው ላይ እንሰካለታለን፣ ክሩ እንዲሰምጥ የብሎን ነት እናስርበታለን። ክሩ ጣት ላይ የሚዞረው አንድ ዙር ብቻ ነው፤ ሁለት ዙር ያዞረ ሰው ትልቅ ዓሣ ሲይዝ ጣቱ ይቆረጣል። ቢልጫ ሁለት ጊዜ ይነካል። በመጀመሪያው የሳበ ባዶ መንጠቆ ያወጣል።

«የመጀመሪያው ሰላምታ ነው» ይላል አየልኝ፤ «ዝም በይው። በሁለተኛው መልሺለት።»

ይህን አባባሉን ለስንት ሴት እንዳስተማርኩ አላውቅም። ክር ይዘው ትንፋሻቸውን ውጠው ሲጠብቁ፣ አንዷ በመጀመሪያው ትስብና ባዶ ሲወጣ ሌሎቹ «ሰላም ሳትባባሉ?» እያሉ ይሳለቁባታል። ያች የጎንደር ነጋዴ በዓመቱ ብቻዋን መጣች፤ ባልሽስ ስላት «ጫማውን ራሱ ይጠብቅ» አለችኝ።

ሌላም ልማድ ነበረው። መንገደኛ ሲሳፈር የእያንዳንዱን ሰው የላይፍ ጃኬት ቀበቶ በራሱ እጅ ስቦ ያጠብቃል። ባለሥልጣንም ይሁን ቄስ፣ «ይቅርታ» ይልና ይስባል። ጉዞ መካከል የፈታ ሰው ካየ ጀልባዋን ያቆማል፤ አይናገርም፣ እስኪታሰር ድረስ ዝም ብሎ ያያል። ከቀትር በኋላ ደግሞ ሞተሩን አጥፍቶ ያዳምጣል። ነፋሱ ውሃውን ከማንቀሳቀሱ በፊት በዳር ያለው ደንገል ሲንሿሿ ይሰማዋል። እኔ በብዙ ዓመት ልምዴ ያን ድምፅ የሰማሁት ጥቂት ጊዜ ነው።

ስለ ነፋስ የሰጠኝ ትእዛዝ አጭር ነበር። «ነፋስ ከያዘሽ ቅርብ ወዳለው መሬት ግቢ። የጀልባዋን ጎን ለማዕበል እንዳትሰጪ።»

«ቅርቡ ደሴቱ ቢሆንስ?» ብዬ ጠይቄዋለሁ።

«መሬት መሬት ነው፣ ውቤ።»

በአፌ እሺ አልኩት። በልቤ ግን አልተቀበልኩትም። እሱ ከመነኮሳቱ ጋር አብሮ ያደገ ሰው ነው፤ እኔ ግን የዚያን ደሴት ስም የሰማሁት በፍርሃት ነው። ሌሎቹ ነጂዎች ሴት ጭነው እስከ ማረፊያው ድንጋይ ድረስ ይጠጉ ነበር። እኔ አልጠጋም። እንግዶቹ «ጠጋ በይልን፣ የቤተ ክርስቲያኑን ጉልላት እንይ» ሲሉኝ እንኳ ራቅ ብዬ አሳያቸው ነበር።

ያ ቀን ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። እንግዶቻችን ትምህርት ቤት የተዘጋላቸው የደብረ ታቦር መምህራን ነበሩ። ወንዶቹ ከአየልኝ ጋር ወደ ገዳሙ ወጡ፤ ስድስት ሴቶች ከእኔ ጋር ቀሩ። ከእነሱ አንዷ ሰላማዊት የምትባል የሒሳብ መምህርት ነበረች። አምስቱ ከፊት፣ ሸራው ሥር ተቀመጡ። እሷ መንዳቱን ልይ ብላ ከኋላ፣ ሞተሩ ጋ፣ ከእኔ አጠገብ ሆነች።

ያን ዕለት በወር አበባዬ ላይ ነበርኩ። ይህን መጻፍ ለእኔ ቀላል አይደለም፤ ይህች መስመር ናት አምስት ወር ያስቆየችኝ። ያለ እሷ ግን የቀረው ሁሉ ውሸት ይሆናል። እናቴ እንዲህ ባለ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውጭ ቆመን እንድንሳለም አድርጋ ነው ያሳደገችን። በደጉ ቀን የማልጠጋውን ደሴት በዚያ ቀን ጭራሽ ሸሸሁት። ከለመድነው ጥልቅ ቦታም አልፌ ሄድኩ።

ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ድንገት መጣ። ውሃው ጠቆረ፤ ወዲያው ማዕበል ያዘን። ደሴቱ ከፊት ለፊታችን ነው። ርቄው ብሆንም ከሌላው መሬት ሁሉ እሱ ይቀርብ ነበር፤ ቀጥ ብዬ ብነዳ ማዕበሉን በጀልባዋ አፍንጫ እየቀደድኩ እገባ ነበር። አየልኝ ከላይ እየሮጠ ሲወርድ አየሁት። ማረፊያው ድንጋይ ላይ ቆሞ በሁለት እጁ ወደ ራሱ ይጠራኛል። እጁን አየሁ። ምን እንደሚል አውቃለሁ።

ማዶ፣ ሩቅ፣ ደንገሉ አለ። የሞተሩን እጀታ ወደ ደንገሉ አዞርኩት።

ጀልባዋ ጎኗን ሰጠች። ሁለተኛው ማዕበል አዘነበላት፤ ሦስት ሴቶች ውሃ ውስጥ ገቡ። ሁለቱ ጃኬታቸው አንሳፈፋቸውና ጎትተን አወጣናቸው። ሰላማዊት ሞቋት የጃኬቷን ቀበቶ ፈትታው ነበር። ስትፈታው አይቻታለሁ። ትንሽ ትናፈስ ብዬ ዝም አልኳት። ጃኬቱ ባዶውን ተንሳፈፈ።

አየልኝ በትልቋ ጀልባ ደርሶ እኛን አወጣ። እሷን በማግስቱ በታንኳ ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎች አገኟት።

አጣሪ ኮሚቴው ሦስት ወንዶች ነበሩ። ከገዳሙም አንድ አረጋዊ መነኩሴ ለምስክርነት ተጠርተው ተቀምጠዋል። ሰብሳቢው፣

«ወይዘሮ ውባለም፣ ደሴቱ ከፊትሽ እያለ ወደ ደንገሉ ለምን ዞርሽ?» አለኝ።

በእነዚያ ወንዶች ፊት፣ በመነኩሴው ፊት፣ ምክንያቴን እንዴት ልናገር? አየልኝ ሁሉን ያውቅ ነበር፤ ማታውን ነግሬዋለሁ። ከመቀመጫው ተነሳ።

«እኔ ነኝ ያዘዝኳት» አለ። «ወደ ደንገሉ ሂጂ ብዬ በእጄ ያመለከትኳት እኔ ነኝ።»

«አንተ? እንደ አንተ ያለ ሰው?»

«ተሳሳትኩ።»

ሴቶቹ መምህራን እጁን ሲያውለበልብ አይተውታል፤ ነይ ይበል ሂጂ ይበል ከዚያ ርቀት አልለዩም። ሰብሳቢው ወደ እኔ ዞሮ «እንዲህ ነው?» አለኝ። ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ። መነቅነቁ በቂ ሆነ።

ስንወጣ መነኩሴው አየልኝን በሐዘን አዩት። «ልጄ፣ ማዕበል ያመጣትን ነፍስ ሴት ናት ብለን የምንመልስ መሰለህ? ገብተው ቢሆን እሳት አንድደን እናሞቃቸው ነበር። አንተ የአገሩ ልጅ ሆነህ ይህን አታውቅም?»

ያውቅ ነበር። «አላወቅሁም አባቴ» አለና አቀርቅሮ ጉልበታቸውን ሳመ።

ፈቃዱን ነጠቁት። ሁለታችንንም ወደ ደብረ ታቦር አዛወሩን፤ እሱን ለዕቃ ግምጃ ቤት ጥበቃ፣ እኔን ወደ ድሮው የጽሕፈት ሥራዬ። የዓሣው ሽርሽር ተዘጋ። በኋላም ዳርቻውን እንቦጭ ወረሰው፣ መንገዱም የሚያስተማምን አልሆን አለና እንግዳው ሁሉ ቀረ። ጀልባዎቹ የብስ ላይ ተጎትተው ተቀምጠዋል ሲሉ ሰምቻለሁ። እኔ ሄጄ አላየሁም።

የሰላማዊት እናት እማማ ጥሩዬ የሚኖሩት ከእኛ ቤት ብዙም ሳይርቅ ነው። በየሰንበቱ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ አየልኝ ቆቡን አውልቆ እጅ ይነሳቸዋል። እሳቸው ፊታቸውን ወደ ግንቡ ያዞራሉ። በሚቀጥለው ሰንበትም ቆቡን ያወልቃል፣ ያዞራሉ። እኔን ግን «እንደምን አደርሽ ልጄ» ይሉኝ ነበር። ከሁሉ የከበደኝ ያ ሰላምታ ነው።

አንድ ጊዜ «ልንገራቸው?» አልኩት።

«እኔ ለምጄዋለሁ» አለኝ። «ፊታቸውን ባንቺ ላይ ቢያዞሩ አንቺ አትችይውም።»

እውነቱን ነበር። ስለዚህ ዝም አልኩ። ለእኔ አዝኖ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት እንጂ፣ ዝምታው ለእኔ ይመቸኝ ነበር።

የደጋው ብርድ ለሐይቅ ዳር ሰው አልሆነውም። ሳንባው ታመመ፤ ሁለት ክረምት ተጎሳቁሎ በሦስተኛው ሞተ። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት አልጋው ላይ ሆኖ ዐይኑን ጨፍኖ የብርድ ልብሱን ዘርፍ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል ሲያሳልፍ ይውል ነበር። የሻከረ ሲያገኝ ይቆማል። እኔም ቁጭ ብዬ አየዋለሁ። ስለ ሐይቁ አንድም ቀን አላነሳብኝም።

ከሙት ዓመቱ በኋላ በሦስተኛው ቀን ረፋዱ ላይ እማማ ጥሩዬ ቤት ሄድኩ። ደጅ ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ።

«ግቢ ልጄ» አሉኝ። «ለቅሶሽ ላይ አልመጣሁም። ለባልሽ ማልቀስ አልቻልኩም።»

«የመጣሁት ስለ እሱ ልነግርዎ ነው።»

ቁጭ አልኩና ሁሉንም ነገርኳቸው። የወር አበባዬን ነገር፣ የአየልኝን እጅ፣ ወደ ደንገሉ መዞሬን፣ ኮሚቴው ፊት ራሴን መነቅነቄን። ምስሩን መልቀም አላቆሙም ነበር፤ ስለ ጃኬቷ ቀበቶ ስነግራቸው እጃቸው ሰፌዱ ላይ ቆመ።

«እሱ እዚያ ጀልባ ላይ አልነበረም?»

«አልነበረም። ደሴቱ ላይ ቆሞ ነይ ይለኝ ነበር።»

ውጪልኝ እንዲሉኝ ጠበቅሁ፤ ቢሉኝ ይቀለኝ ነበር።

«ከቀብሯ በኋላ እዚህ መጥቶ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «እዚህች ጋ ተንበርክኮ እኔ ነኝ አለኝ፤ ጀልባዋን የነዳው እሱ መሰለኝ። እንግዲያ ንገረኝ አልኩት። ልጄ ምን አለች? ፈርታ ነበር? አላውቅም አለኝ። ደግሜ ጠየቅሁት፤ አላውቅም እማማ አለኝ። ለሞቷ አይደለም ፊቴን ያዞርኩበት። ነፋስ ነው፣ ውሃ ነው። አጠገቧ ሆኖ አላውቅም ስላለኝ ነው።»

«አጠገቧ የነበርኩት እኔ ነኝ።»

«ጓደኞቿንም የጠየቅሁት ስለ እሷ ብቻ ነው። ማዕበሉ ሲያዘነብለን ሸራው ሥር ተደፍተን ነበር፣ እሷን አላየንም አሉኝ። አንቺን በየሰንበቱ እንደምን አደርሽ እያልኩ…» አልጨረሱትም። ሰፌዱን ወደ ጎን አደረጉት። «ይቅር ብዬሻለሁ አልልሽም። ዛሬ አልችልም። ግን ንገሪኝ። አትቸኩይ። ጀልባዋ ላይ ስትወጣ ጀምሪልኝ።»

ጀመርኩላቸው። ጫማዋን በእጇ ይዛ በባዶ እግሯ እንደወጣች። ጥልቀት የምንለካበትን ገመድ አይታ «ቋጠሮዎቹን ለተማሪዎቼ አሳያቸዋለሁ» እንዳለች። አንድ መካከለኛ ቢልጫ እንደያዘች፣ በእጇ ውስጥ ሲወራጭ ሳቋ ደሴቱ ድረስ እንደሚሰማ ፈርቼ ቀስ በይ እንዳልኳት፣ እሷም «መነኮሳቱም ይሳቁ እንጂ» እንዳለችኝ። «እናቴ ውሃ ላይ መሆኔን ብትሰማ ትገድለኛለች» እንዳለች። እዚህ ላይ እማማ ጥሩዬ ፈገግ አሉ፤ ከዚያ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ።

«ፈርታ ነበር?» አሉኝ።

ልዋሽላቸው አሰብኩ። «አዎ። ነፋሱ ሲመጣ ፈርታ ነበር።»

«ምን አለች?»

«ምንም አላለችም። ክንዴን ያዘችኝ። እስከ መጨረሻው ይዛኝ ነበር።»

«የትኛውን?»

ግራ እጄን ዘረጋሁላቸው። እጅጌዬን ወደ ላይ ሰበሰቡና ባዶ ክንዴን በሁለት እጃቸው ያዙት።